ሁለተኛዋ ጉርሻ

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ አዞው ነው። ምን ያህል ይረዝማል? ጥርሱስ? ዓይኑን አየኸው? የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ፣ አትቸኩሉ። እኔን እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ግን አዞው አይደለም። በሁለት እጄ ጨብጬ የያዝኩት የጓደኛዬ ቀበቶ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ ስድስት ነው። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከገባሁ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ፓይን ሌክ አንድ ምድር ቤት ተከራይቼ፣ ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ቫን እነዳ ነበር። ደረጀ እባላለሁ፣ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። የሚያውቁኝ "ደሬ ክብሪት" ይሉኛል። ቶሎ እነድዳለሁ፣ ቶሎ እጠፋለሁ። ነድጄ የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ ግን አልችልበትም ነበር።

ቢንያም የሀዋሳ ልጅ ነው። ክላርክስተን ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ እጁ ከመልካምነቱ የተነሳ ጎረቤቱ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ እንኳ ሰው እሱን ብሎ ተሰልፎ ይጠብቃል። ምላጩን አንገትህ ላይ ሲያሳርፈው አይሰማህም። እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን ሥራ እስካገኝ ሶፋው ላይ ያሳደረኝ እሱ ነው፤ ፀጉሬንም እስከዚያች ቀን ድረስ ከእሱ በቀር ማንም አልነካውም። ቢኒ ከእጁ ሌላ ሀብት አልነበረውም፤ በዚያች እጁ ሠርቶ ነው ሜሮንን ሊያገባ የደረሰው። ለሠርጉ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አንደኛ ሚዜው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ከድር ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ትራክ ነጂ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው። ሦስተኛው ናቲ ይባላል፣ የሜሮን ታናሽ ወንድም። አሜሪካ ነው ያደገው፤ ደንዉዲ ትልቅ ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። "ሙሽራውን ባችለር ፓርቲ ሳናደርግለት አይሆንም" ያለው እሱ ነው። ቢኒ ደግሞ አማቱን ይፈራል።

"ክለብ ምናምን ብትወስዱኝ ጋሽ ወርቁ ልጃቸውን ይነሱኛል" አለ።

"ኦኬ፣ ኖ ክለብ" አለ ናቲ። "ወደ ሳቫና በኩል እንሂድ። ጠዋት ዋይልድላይፍ እናያለን፣ ከዚያ ባሕሩ ጋ ሲፉድ ላንች፣ ማታ ቤት። አባዬም ምንም አይልም።"

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ናቲን ልንወስድ አቮንዴል እስቴትስ ወላጆቹ ቤት ሄድን። ጋሽ ወርቁ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ቆመዋል። ሌሎቹን በእጅ ሰላም ብለው እኔን ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ።

"ደረጀ፣ አንደኛ ሚዜ አንተ ነህ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጎረምሳ ደግሞ አንድ ላይ ሲሆን ልብ የለውም። ሙሽራዬን እንዳወጣኸው መልሰው።"

"አያስቡ ጋሽ ወርቁ። እንዳወጣሁት እመልስልዎታለሁ።"

ቃሌን ሰጠሁ። እንዲህ ቀላል ነበር።

ፀሐይ ከፍ ስትል የእንስሳት መጠበቂያው ደረስን። ድሮ ሩዝ ይዘራበት የነበረ ረግረግ ነው፤ በውሃው መካከል የአፈር መንገድ አለ፣ በመኪና ቀስ እያልክ ታያለህ። ወፉ ጉድ ነው፤ ነጩ፣ ግራጫው፣ እግረ ረጅሙ። ከዚያ ናቲ ጮኸ።

"ጋይስ! ሉክ! እዛች ቦይ ጫፍ!"

አዞውን አዩት። እኔ ከእነሱ ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ከመንገዱ ዳር አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሦስቱ ካሜራቸውን ይዘው ዘለው ወረዱ። እኔ ከመሪው አልተነቃነቅኩም።

"ደሬ፣ ና ፎቶ እንነሳ እንጂ!" አለ ቢኒ።

"እዚሁ ሆኜ አነሳችኋለሁ።"

"መስኮቱን እንኳ ክፈተው!"

"አልከፍትም።"

ከድር ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ይሄ ሚዜ ነው ወይስ ሙሽሪት? ከመኪና አልወርድም አለ እኮ! ጥሎሽ ይጨመርላት!"

ቱግ አልኩ። ሲመለሱ ያልተናገርኩት የለም። ልጅ ሆኜ ጫሞ ዳር ልብስ ስታጥብ የነበረች የሰፈራችን ሴት ምን እንደደረሰባት ነገርኳቸው። ድምፅ አልተሰማም። ሳሙናዋ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር፣ እሷ የለችም። እናቴ ከዚያ በኋላ ውሃ ዳር ጀርባችንን አዙረን እንድንቆም አትፈቅድም ነበር።

"እባብ ያየ በልጥ በረየ" አለ ከድር።

"እኔ መቼ በልጥ በረየሁ? እባቡ ያውና ተጋድሟል!"

"ብሮ፣ ሪላክስ አድርግ" አለ ናቲ። "ክሮኮዳይል አይደለም፣ አሊጌተር ነው። ላይክ፣ ሰው ይፈራል።"

"ለሚበላው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?"

ቢኒ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "እኛ ሀዋሳ ሐይቁ ውስጥ ነው ያደግነው። ጉማሬ እንጂ አዞ የሚባል አናውቅም። ውሃ ወዳጃችን ነው፣ አታስፈራራን።" ይህን ሲል ይስቅ ነበር። እኔ ግን እስከ ምሳ አኮረፍኩ።

ምግብ ቤቱ ወደ ባሕሩ በሚገባ ወንዝ ዳር የተሠራ የእንጨት ቤት ነው። ውጪ በረንዳው ላይ ተቀመጥን፤ ከእኛ ፊት ደረጃ አለ፣ ከደረጃው በታች ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የጣውላ መድረክ። ጀልባ የሚያስጠጉበት፣ ዓሣ አጥማጆችም ዓሣ የሚያጥቡበት ነው። መግቢያው ላይ አዞ የተሳለበትና "አትመግቡ" የሚል ሰሌዳ አለ። ከድር አጠገቡ ቆሞ ጥርሱን ገልፍጦ ፎቶ ተነስቷል።

ምግቡ መጣ። የተቀቀለውን ሸርጣን፣ ሽሪምፑን፣ በቆሎውን ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈ ወረቀት ላይ ዘረገፉልን፤ ለያንዳንዳችን የእንጨት መዶሻ ሰጡን። ከድር ቢስሚላህ ብሎ መዶሻውን አነሳና ሸርጣኑን ይፈነክተው ጀመር፤ ፍንጣሪው ናቲ መነጽር ላይ ደረሰ። እኔ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አልበላም፤ የተጠበሰ ዓሣ አዘዝኩ። ቢኒ ከኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጣ። ዳጣ ነው። የሚያቃጥለውን የአገራችንን ማባያ ከቤቱ ይዞት መጥቷል! አስተናጋጇ ቀምሳው እንባዋ መጣ፣ አበሰችና ደግማ ቀመሰች።

ቢኒ ከዓሣዬ ገነጠለ፣ ዳጣው ውስጥ በደንብ አገላበጠ፣ በቀኝ እጁ አፌ ድረስ አመጣው።

"በሞቴ። ያስኮረፍንህን ተውልን።"

ጎረስኩ። አቃጠለኝ፣ ጣፈጠኝም። ኩርፊያዬ ወዲያው በረደ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አልኩት እያላመጥኩ። "ድገማት።"

"እደግምልሃለሁ፣ ምን ቸገረኝ..." ብሎ ሊያነሳ ሲል ዓይኑ ወደ ታች ሄደ። እጁን አየር ላይ ተወው። "እናንተ! አባ ኮዳ!"

እውነቱን ነው። መድረኩ ላይ አንድ ትልቅ ወፍ አርፏል፤ ራሰ መላጣ፣ መንቆረ ረጅም፣ እንደ ሽማግሌ ትከሻውን ሰብስቦ የቆመ። የሀዋሳው አባ ኮዳ ቁርጥ ዘመዱ። ሀዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ያውቃል፤ ሰው ዓሣውን ይበላል፣ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለአባ ኮዳ ይወረውራል። ልጅ ሆኖ ያን ያላደረገ የሀዋሳ ሰው የለም። ቢኒ ፊቱ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ሆነ።

"መጣሁ" አለ። "አጉርሼው፣ እጄን ታጥቤ እመጣለሁ። ሁለተኛዋ ያንተ ናት።"

"ቢኒ፣ ሰሌዳው አትመግቡ ይላል!"

"ለአዞ አይደል እንዴ የሚለው? እኔ ለወፍ ነው!"

ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ከድርና ናቲ እየሳቁ ስልካቸውን አነሱ። እኔ ግን ተነሳሁና እየተሳደብኩ ተከተልኩት፤ "አንተ ሞኝ፣ ሊያገባ ነው ይሉታል ገና ሕፃን ነው" እያልኩ።

አጥማጆቹ ዓሣ ያጠቡበት ጠረጴዛ ሥር ባልዲ አለ። ቢኒ ከዚያ አንድ የዓሣ ጭንቅላት አንስቶ ወረወረ። ወፉ በአየር ላይ ቀለበው። ሌላ ወረወረ፣ ያኛው አምልጦት ውሃ ውስጥ ገባ። ቢኒ በደስታ አጨበጨበ። ከዚያ እጁን አየው፤ ደምና ዳጣ ነው። ቁጢጥ አለና ቀኝ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ።

ምግብ ከበላን በኋላ እጃችንን መታጠብ ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። ማንም አበሻ የሚያደርገው ነው። ፈረንጅ በወረቀት ጠርጎ ይሄዳል።

"ቢኒ! ከውሃው ውጣ!" አልኩ። ደረጃው ግርጌ ደርሻለሁ።

አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ፈገግ እንዳለ ነበር። ውሃው ድምፅ አላሰማም። አንድ ጥቁር ግንድ መሳይ ነገር ብቅ አለ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። የቢኒ እጅ እስከ ክርኑ ድረስ ጠፋ።

ወዲያው አልጮኸም። እንዲያውም የተገረመ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ወደፊት ተጎተተ፣ ግንባሩ ጣውላው ላይ ተላጋ፣ ያን ጊዜ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በደረቴ ወድቄ ቀበቶውን ከኋላ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። አዞው ጎተተ፣ እኔና ቢኒ አብረን ተንሸራተትን፤ የጣውላው ስንጣሪ ሸሚዜን ቀዶ ሆዴን ላጠው። ፊቴ ከአዞው ፊት አንድ ክንድ አይርቅም። ዓይኑን ያያችሁ እንደሆን ንዴት የለበትም፣ ምንም የለበትም። የአገሬ አጥማጆች "አዞ ከያዘ ዓይኑን ፈልግ" ይላሉ። አንድ እጄን ለቅቄ በቡጢ መታሁት። ድንጋይ የመታሁ መሰለኝ፤ ጣቶቼ ተሰበሩ። ደግሜ መታሁት። ቢኒ በግራ እጁ መንጋጋውን ሊፈለቅቅ ይታገላል፣ ውሃው ቀይ ሆኗል።

"ደሬ! አትልቀቀኝ! በማርያም አትልቀቀኝ!"

"አልለቅህም!"

እግሬ ላይ ክብደት ወደቀብኝ። ከድር ነው። እላዬ ላይ ተቀምጦ ቀበቶዬን ያዘ፣ በሌላ እጁ ሸርጣን የሰበረበትን መዶሻ ይዞ እየዘረጋ የአዞውን አፍንጫ ይቀጠቅጣል፤ "ያ አላህ! ያ አላህ!" ይላል። በእያንዳንዱ ምት ደም ይፈነጥቃል። የማን ደም እንደሆነ ማን ያውቃል? መዶሻው ተሰብሮ እጀታው ብቻ እጁ ላይ ቀረ። እሱንም አዞው አፍ ውስጥ ወተፈው።

ያን ጊዜ ከላይ በእንግሊዝኛ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" የሚል ድምፅ መጣ። ቀና ስል አንድ ፈረንጅ ደረጃው መሐል ቆሟል። ሸርጣን ሲበላ አንገቱ ላይ ያሰረው ወረቀት እንዳለ ነው፣ በሁለት እጁ ሽጉጥ ደግኗል። ሰውየው ሊረዳን ነው፣ አልጠፋኝም። አዞው ግን ከእኛ በታች ነው፣ እኛ ደግሞ ከአፈሙዙ በታች ነን። ከድር በሰውነቱ እኔንና ቢኒን ሸፈነን። ሦስት ጥቁር ሰዎች አንድ ላይ ተቆላልፈን፣ ከፊት አዞ፣ ከኋላ ሽጉጥ።

ናቲ እስከዚያች ደቂቃ በረንዳው ላይ ደርቆ ቆሞ ነበር። ያ መነጽሩን ሲያጸዳ የሚውል ልጅ ከላይ ዘሎ ከሰውየው ፊት ደረቱን ሰጥቶ ቆመ።

"ዶንት ሹት! ዛት ኢዝ ማይ ብራዘር! ዶንት ሹት!"

ሰውየው አፈሙዙን ወደ ሰማይ አዞረ። በዚያች ቅጽበት አዞው ተገለበጠ።

አዞ የያዘው አልላቀቅ ሲለው በራሱ ዙሪያ ይሾራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነው። ሲሾር የያዘው ሰው አብሮ ከሾረ ይወርዳል፤ ካልሾረ የተያዘው ነገር ይቆረጣል። ቢኒ ትከሻው ተጠመዘዘ፣ ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ፊቱ ወደ እኔ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ልለቀው እችል ነበር። ብለቀው እጁ ከገላው ጋር ይሄዳል፣ እሱም ይሄዳል፣ ሳሙናዋ ድንጋዩ ላይ እንደቀረችው ሴት። ባልለቀው ምን እንደሚሆን አውቄዋለሁ። እያወቅኩ ነው የጎተትኩት።

"ከድር፣ ሳብ!"

እርጥብ እንጨት ሲገነጠል የሚያሰማው ድምፅ ተሰማ። ሦስታችንም ወደ ኋላ ተወረወርን። ቢኒ እላዬ ላይ ወደቀ፤ ቀላል ሆኖ ነበር፣ ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ። የቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ደሙ በልቡ ምት ልክ ፊቴ ላይ ይረጫል፣ አፌ ውስጥ ገባ። የዳጣው ቃጠሎ ገና ምላሴ ላይ ነበር።

ፈረንጁ ወደ ውሃው መተኮስ ጀመረ። ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰ። ከድር የራሱን ቀበቶ ፈትቶ የቢኒ ክንድ ላይ አስሮ በጉልበቱ ተጭኖ ሳበው፤ ትራክ ላይ ጭነት ሲያስር የኖረ እጅ ነው፣ ደሙ ቆመ። ናቲ የቢኒን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ እያለቀሰ በስልክ አምቡላንስ ይጠራል። ወፉ አልሄደም። መድረኩ ጫፍ ላይ ትከሻውን ሰብስቦ ሁለተኛውን የዓሣ ጭንቅላት ይጠብቃል።

ማታ የዱር እንስሳት ሰዎች አዞውን አግኝተው ገደሉት፣ ሆዱንም ቀደዱት። እጁ ተገኘ፤ ግን የሚሰፋ አልነበረም። ርዝመቱን ለምትጠይቁኝ፣ የእኔና የከድር ቁመት ቢቀጣጠል ከዚያ ትንሽ ያንስ ነበር አሉ።

ጋሽ ወርቁ፣ ሜሮንና እናቷ ሌሊቱን ነድተው ሆስፒታሉ ደረሱ። ሜሮን ሮጣ ወደ ውስጥ ገባች። ጋሽ ወርቁ በደም የደረቀ ሸሚዜን እያዩ ኮሪደሩ ላይ ፊቴ ቆሙ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

"እንዳወጣሁት አልመለስኩልዎትም፣ ጋሽ ወርቁ።"

ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝና አልፈውኝ ገቡ። ይቅር አሉኝ ወይስ አዘኑብኝ፣ አልገባኝም።

ቢኒ በማግስቱ ነቃ። ሐኪሙ ጉዳቱን ሲያስረዳው አጠገቡ ነበርኩ። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ከንክሻው ይልቅ ጉተታው እንደገነጠለው በሥዕል አሳየው። ቢኒ የተጠቀለለውን ክንዱን ረጅም ጊዜ አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ።

"አንተ ነህ የቆረጥከኝ" አለ። "አዞው ነክሶኝ ነበር። የቆረጥከኝ ግን አንተ ነህ። ለምን አልለቀቅከኝም? ከዚህ በኋላ በምን ልሠራ? በምን እጄ ለሜሮን ቀለበት ላድርግላት? ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል አልሰማህም?"

ደሬ ክብሪት ነኝ ብያችኋለሁ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። "በማርያም አትልቀቀኝ ያልከኝ አንተ አይደለህም?" ልለው አፌን ከፈትኩ። ነድጃለሁ፣ ጣቶቼ በጀሶ ታስረዋል፣ ሆዴ ተልጧል። ግን ትራሱ ላይ የተኛውን ሰው አየሁና አፌን ዘጋሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የነደደ ቃል ዋጥኩ። ሲወርድ ከዳጣው ይልቅ ያቃጥላል።

ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ስደውል አያነሳም፣ ቤቱ ስሄድ ተኝቷል ይሉኛል። ሠርጉ ተላለፈ። ቢኒ እንዲያውም ሠርጉ ጭራሽ ይቅር ብሎ ነበር፣ ሜሮን ናት እምቢ ያለችው። "ያጨኝ እጁ ነው እንዴ?" ብላ ሽማግሌዎቹን አስቃቸዋለች አሉ። ቢኒ ሱቁ ሄዶ ወንበሩ አጠገብ ይቆምና ሌላ ሰው ሲሠራበት አይቶ ይመለሳል ሲሉኝ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ፀጉሬ አደገ፣ ጆሮዬን ሸፈነ። ሌላ ቤት ሄጄ ልቆረጠው አልቻልኩም።

እናንተ ይህን የምታነብቡ፣ ሰው ማትረፍ ምስጋና የሚያስገኝ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ሰውን ከሞት ስታወጣው የሚደርሰው ሕይወት ያው የቀድሞው አይደለም፤ ጎዶሎ ሆኖ ነው የሚደርሰው፣ ለጉድለቱም የሚቆጣበት ሰው ያስፈልገዋል። እሱ ሰው እኔ ከሆንኩ ይሁን ብዬ ተቀበልኩ። ጓደኝነት ማለት ለካ ደስ ሲልህ አብሮ መብላት ብቻ አይደለም። ጥፋተኛ ሳትሆን ጥፋተኛ ተብለህ ዝም ማለትም አለበት። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ያ ቀን ቢመለስ ዛሬም አልለቀውም።

ሠርጉ ክረምቱ አልፎ ተደረገ። ሜሮን ራሷ ደውላ "ከሚዜነትህ ማንም አልሻረህም" አለችኝ። ሄድኩ። ከድርና ናቲ መሐል ቆምኩ። ቢኒ ቀለበቱን በግራ እጁ አድርጎ፣ የቀኝ እጅጌው ታጥፎ በመርፌ ተይዞ፣ ከእኔ በቀር ሁሉን ሰው እያየ ገባ።

እራት ሲቀርብ ሙሽሮቹ ትሪያቸው ፊት ተቀመጡ። ሜሮን አጎረሰችው። አዳራሹ አጨበጨበ። ተራው የእሱ ነው። ግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣ አይነሳም። በግራ እጅ አይበላም፣ በግራ እጅ አያጎርሱም፤ ሁላችንም እንዲህ ተብለን ነው ያደግነው። በዚያ ላይ አማቶቹ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ጭብጨባው እየቀዘቀዘ ሄደ። አንድ ሰው ሳለ። ቢኒ አንገቱን ደፋ።

ከቦታዬ ተነሳሁ። የማደርገውን አላሰብኩም። ትሪው ፊት ሄጄ ሱፌን እንደለበስኩ ተንበረከክሁ።

"ሁለተኛዋ የታለች?" አልኩት።

ቀና አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየሁት።

"ምን?"

"አንዷ አጣልታናለች። ታጥቤ እመጣለሁ ብለኸኝ ነበር። ስጠብቅህ ይሄው ፀጉሬ ትከሻዬ ሊደርስ ነው።"

"በግራ ነው እኮ፣ ደሬ።"

"አፌ ግራና ቀኝ አይለይም።"

ግራ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። እንጀራውን መቅደድ አቃተው፣ ሜሮን ልትረዳው ስትል በዓይኑ ከለከላት። ደግሞ ሞከረ። ክትፎውን ጠቅልሎ አነሳው፣ ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን አፌ ውስጥ ከተተ፤ ትልቅ ነበር፣ ጉንጬን ወጠረው። ጎንበስ ብሎም ጆሮዬ ሥር እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ ተናገረ።

"አትልቀቀኝ ያልኩህ እኔ ነኝ። አንድም ቀን አልረሳሁትም።"

አፌ ሞልቷል። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ፣ እንባዬ ከክትፎው ጋር ገባ።

ለመነሳት ዞር ስል ከኋላዬ ሰው ቆሟል። ጋሽ ወርቁ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፤ ከእሳቸው ኋላ የሜሮን እናት፣ ከዚያ ከድር፣ ከዚያ ናቲ ተሰልፈዋል።

"በል ተነስ አንተ" አሉኝ ጋሽ ወርቁ። "ተራው የእኔ ነው።"